ከዶሮ ቤት በር የወጣ ቢኤምኤክስ

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ፍሬሙ በር ነበር። ቀልዴን አይደለም።

አዲስ አበባ፣ ካራ አካባቢ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ቧንቧ ልሠራ ሄጄ ነው፤ እንጀራዬ ቧንቧ ነው። የውሃ ቆጣሪውን ፍለጋ ጓሮ ስዞር ዓይኔ የዶሮ ቤቱ በር ላይ ቀረ። ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ መሃሉ ላይ የወንፊት ሽቦ የተወጠረበት፣ ጎኑ ላይ ሁለት ማጠፊያ ተበይዶ ከእንጨቱ ጋር በሚስማር የተመታ። የግቢው ዋና በር የተቀባውን አረንጓዴ ቀለም እሱም ጠጥቷል። መጀመሪያ ተራ የልጅ ሳይክል መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ክራንኩ፣ ፔዳሎቹ የሚታሰሩበት ብረት፣ የሚያልፍበት ቀዳዳ የስኒ አፍ ያህላል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቀዳዳ የሚፈልገው ግራና ቀኝ ክንዱ ከአንድ ብረት ታጥፎ የተሠራ ክራንክ ነው፣ ያ ጉደኛ ብረት እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ነው በውስጡ የሚያልፈው። አንገቱ ሥር ደግሞ ማጠናከሪያ ላሜራ ተበይዶበታል። የድሮ ቢኤምኤክስ፣ ያቺ አፈር ላይ የሚሽቀዳደሙባት ትንሽ ሳይክል!

ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው። "አባባ፣ ይቺን በር ይሸጡልኛል?" አልኳቸው። ሳቁብኝ።

"ብሩን ምን አደርገዋለሁ? በር አምጣና በር ውሰድ። ሸለምጥማጥ ዶሮዎቼን ይፈጅብኛል።"

በሳምንቱ ደህና የሳንቃ በር ሠርቼ እንደማመጣ ቃል ገባሁ። ለጊዜው ቁራጭ ቆርቆሮ በሽቦ አስሬላቸው ሄድኩ። ወደ ሠፈሬ ወደ አባዶ የሚሄደው ታክሲ ረዳት ለፍሬሙ የአንድ ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ። ተከራከርኩ፣ ግን መቀመጫ ይዞ ስለነበር ብዙም አልገፋሁበትም።

ጥቅምት 2፣ እሁድ

ጆንያውን ገለበጥኩት።

ጆንያው ማለት የኮንዶሚኒየሙን ልጆች ሳይክል ስጠግን ለዓመታት የተረፈኝ ነገር ሁሉ ነው። ባለቤቴ "የብረት መቃብር" ትለዋለች። አራተኛ ፎቅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማስቀመጥ እንደማይገባ እኔም አውቃለሁ። ከውስጡ የወጣው፦ አንድ የተሟላ የፊት ጎማ ከነቸርኬው፣ አንድ የኋላ ቸርኬ፣ ሦስት ጎማ፣ ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ያለው ሞዞ (የጎማው መሃል ያለው ብረት)፣ ሁለት የመሪ አንገት፣ ከፍ ያለ ባለ ድልድይ መሪ፣ አራት ፔዳል፣ የተቀደደ ኮርቻ፣ ካቴና፣ አንድ ጣሳ ሙሉ ዳዶና ሮንዴላ። በነገራችን ላይ አንድ የሻወር ራስም ወጥቷል።

ደንብ አወጣሁ። ጆንያው ውስጥ ያለ ነገር አይገዛም። የሚገዛው ሁሉ ተደምሮ ከ3,000 ብር አይበልጥም። ሲያልቅ የእህቴ ልጅ ይነዳዋል፣ 11 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ብሎካችን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ፍሬሙን አሳየሁት።

"ማርሽ አለው?"

"የለውም።"

"ፋራ ነዋ!"

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ሥራ የምሠራው የጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ ነው፣ ዝክር ወይም ሠርግ ከሌለ ባዶ ነው። ዛሬ ሙሉ ቀን ማጠፊያዎቹን ስቆርጥ ዋልኩ። የበየዳቸው ሰውዬ ዶሮ የሚጠብቅ ሳይሆን ባንክ የሚጠብቅ ነው የመሰለው፣ ኤሌክትሮዱን አልቆጠበም። ግራይንደር ባስገባ ቱቦውን እንዳልበላው ፈርቼ አብዛኛውን በብረት መጋዝና በሞረድ ነው የጨረስኩት። ማጠፊያዎቹ ደህና ናቸው፣ ጆንያው ጥግ ወረወርኳቸው። አንደኛው የነበረበት ቦታ ላይ ጉብታ ቀርቷል። ጠጋ ብዬ ሳየው በጉብታው ዙሪያ ቀለሙ ሦስት ድርብ ነው፦ ላዩ የግቢው አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሁሉም ሥር የጥፍር ያህል ቢጫ። የፋብሪካው ቢጫው መሆን አለበት። የሠራው ማን እንደሆነ የሚነግር ምልክት ግን ፍቀው ጨርሰውታል።

ስንጥቅ ፈለግሁ። መገጣጠሚያዎቹን በናፍጣ አጥቤ፣ ጠርጌ፣ ጠመኔ ቀባሁባቸውና ትቼ ጠበቅሁ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ናፍጣ ወጥቶ ጠመኔውን ያጠቁረዋል። ምንም የለም።

የፊቱ ሹካ ከፍሬሙ ጋር ነበር የተገኘው፣ የበሩን ማዕዘን ለማጠናከር አልነቀሉትም። ክሮም ነው። የምግብ መጠቅለያ ፎይል አቼቶ ውስጥ እየነከርኩ ፈተግሁት። ፎይሉ ለስላሳ ስለሆነ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ክሮሙን አይቧጭርም። ከሰዓት በኋላ ፊቴን አየሁበት፣ ነጠብጣብ ፊት ቢሆንም።

ስልክ ተደወለ። "ልጄ፣ በሬስ?" በሚቀጥለው ቅዳሜ አልኳቸው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ምናለሽ ተራ። ቦታውን ለማያውቅ ሰው፣ መርካቶ ውስጥ የሌላው ሰው ቁራሌ የአንተ ሀብት የሚሆንበት ሠፈር ነው። ክራንክ ፍለጋ ነው የሄድኩት፣ ጆንያው ውስጥ የሌለው ትልቁ ነገር እሱ ነውና። አንድ ብረት ሻጭ ዘንድ ከምጣድ ማስቀመጫና ከመኪና ባሌስትራዎች ሥር አንድ ወጥ ክራንክ ተቀብሮ አገኘሁ። ኮሮናው አብሮት አለ። ኮሮና ስል ትልቁን ባለ ጥርስ ብረት ነው፣ መካኒኮች ከበሽታው በፊት ያወጡለት ስም ነው፣ ዛሬ ግን አንዷ እናት ስንነጋገር ሰምተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አድርገው አለፉ። ጥርሱን ቆጠርኩ፣ 44 ነው። የክንዱ ርዝመት ከመሃል እስከ ፔዳሉ ቀዳዳ 17 ሴንቲ።

"ስንት ነው ወንድሜ?"

"ዘጠኝ መቶ።"

"ለዝገት?"

"ዝገቱን በነፃ ነው የሰጠሁህ።"

በ450 ተስማማን። ደስ ብሎኝ ሳላገላብጠው ጆንያ ውስጥ ከተትኩት። ይሄ ደስታ በኋላ ዋጋ ያስከፍለኛል።

ጥቅምት 16፣ እሁድ

በብሎካችን ለቅሶ አለ። የጋራ ቤቱ ተይዟል። ሥራ የለም።

ጥቅምት 22 እና 23

የጎማ ነገር። ሁለት ቀን በላኝ።

ቢኤምኤክስ 20 ኢንች ጎማ እንዳለው ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ጆንያዬ ውስጥ ሦስት "20 ኢንች" ጎማ እና ሁለት "20 ኢንች" ቸርኬ አለ። የፊቱ ሳያስቸግር ገባ። የኋላውን ግን በማንኪያ ብል፣ በካቻቢቴ ብል፣ በሳሙና ውሃ ባሾረው ወይ ፍንክች። የእህቴ ልጅ በጉልበቱ ይዞ እኔ እየጎተትኩ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን። በኋላ ነው የጎማውን ጎን አብሬው ያነበብኩት። አንደኛው 406 ይላል፣ ቸርኬው ደግሞ 451 ነው። ይሄ በሚሊ ሜትር ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር ነው። ሁለቱም 20 ኢንች ይባላሉ፣ በመካከላቸው ግን 45 ሚሊ ሜትር ልዩነት አለ! ወፍራሙ 20 በ1.75 ወይም በ2.125 የሚባለው 406 ነው፣ ቀጭኑ 20 በ1 ከ3/8 ደግሞ 451።

ቧንቧ ሠራተኛ ሆኜ መሸወድ አልነበረብኝም። የኛ "ግማሽ ኢንች" ቱቦ ከውጪ ቢለካ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው እኮ፣ ግማሽ ኢንች ደግሞ 12.7። ስም ሌላ፣ መለኪያ ሌላ። ለደንበኛ ስንቴ አስረድቻለሁ።

ስለዚህ 406 ቸርኬ ብቻውን በ700 ብር ገዛሁና የኋላውን ራሴ ልሠራ ተቀመጥኩ። ደግነቱ ባለ ፍሬኑ ሞዞ 36 ቀዳዳ ነው፣ ቸርኬውም 36። ሞዞውንና ቸርኬውን የሚያያይዙት ሽቦዎች ግን ረጅም ናቸው። ገበያው ዳር ያሉት ጎሚስታ 36ቱንም ቆርጠው በእጅ በሚዞር መሣሪያ ፊሌቶ (ዳዶ የሚዞርበት ጥርስ) አወጡላቸው። ጋሼ ድሮ የሳይክል ተወዳዳሪ የመሆን ሐሳብ ነበራቸው። ገረመው ደንቦባ በ1949 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ የተወዳደረ ጊዜ የሠፈራቸው ልጅ ሁሉ በተውሶ ሳይክል እንዴት ይሽቀዳደም እንደነበር እያወሩኝ አንዷን ሽቦ ሁለቴ ቆረጧት፣ አጭር ሆና ተጣለች። ሌላ ጨመሩልኝ።

አሰካኩ እንዲህ ነው። በሞዞው በአንድ በኩል 18፣ በሌላው 18 ሽቦ። እያንዳንዱ ሽቦ ወደ ቸርኬው ሲሄድ ሦስት ጎረቤቶቹን ያቋርጣል፣ ሁለቱን ከላይ፣ የመጨረሻውን ከሥር። ከሥር ማለፉን ከረሳህ ጎማው ይሠራል ግን ሽቦዎቹ አይደጋገፉም። እኔ አንድ ቀዳዳ ዘልዬ ጀምሬ 30ኛው ሽቦ ላይ ነው ያወቅሁት። ፈታሁት። መብራት ጠፋ። በስልክ ባትሪ ቀጠልኩ። ሲያልቅ ፍሬሙን ገልብጬ፣ ጎማውን ሰክቼ፣ ግራና ቀኝ የክብሪት እንጨት በፕላስተር ለጥፌ አሾርኩት። ቸርኬው እንጨቱን ሲነካ "ጭር" ይላል፣ ያን ጊዜ በነካው በኩል ያለውን ሽቦ ላላ፣ ተቃራኒውን ጠበቅ፣ ሩብ ዙር ብቻ። ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ውልግድግድ ቀርቶታል። ፍሬኑ ሞዞው ውስጥ ስለሆነ ቸርኬውን የሚነካ ነገር የለም፣ ተውኩት።

ካላማዳሪውን አስገብቼ ነፋሁ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተነፈሰ። ሳወጣው በአንድ መስመር ላይ ሦስት ቀዳዳ፤ የተቆረጡት ሽቦዎች ጫፍ ቸርኬውን አልፎ ወጥቷል። እያንዳንዱን በሞረድ በላሁት፣ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀጭን ቀበቶ ቆርጬ ቸርኬው ላይ አለበስኩ። ከዚያ በኋላ ያዘ።

ሞዞው ላይ ያለው የኋላ ጥርስ 18 ነው። 44 ለ18 ማለት ፔዳሉ አንድ ዙር ሲሄድ የኋላው ጎማ ሁለት ዙር ከግማሽ አይሞላም፣ መሬት ላይ 3 ሜትር ከ70 ገደማ። ብዙ ሰው ለድሮ ቢኤምኤክስ 44 ለ16 ነው የሚመርጠው። ለአባዶ ዳገት ግን 18ቱ ይሻላል። ከ2,300 ሜትር በላይ እየኖርን ጀግና መሆን አያስፈልግም።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ዛሬ የመሪው ቀን።

መሪው ከሁሉም ክፍል የምወደው ነው። ከፍ ያለ፣ መሃሉ ላይ ድልድይ ያለው። ይሄ ቅርጽ ከሞተር ነው የመጣው። በ1970 እ.ኤ.አ. አካባቢ ደቡብ ካሊፎርኒያ ያሉ ልጆች የሞተር ክሮስ እሽቅድምድም እያዩ በትንንሽ ሳይክላቸው አፈር ላይ ያንኑ መሥራት ጀመሩ፤ የስሙ መጨረሻ ላይ ያለው ኤክስ ራሱ ክሮስ ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። የእህቴን ልጅ ይሄን ስነግረው "ኦሎምፒክ ላይም ማርሽ የለውም?" አለ። የለውም! ያን ጊዜ ትንሽ አሰበ።

መሪውን የሚይዘው አንገት ግን ሹካው ውስጥ አልገባም። ሁለቱም። ካሊፐር አወጣሁ። አንገቶቹ 22.2 ሚሊ ሜትር ናቸው። ለማረጋገጥ ከዕቃዬ ውስጥ ቁራጭ ግማሽ ኢንች ቱቦ አምጥቼ ሹካው አፍ ላይ ሞከርኩ፣ 21.3 መሆኗን በቃሌ ስለማውቅ። ጫፉን ቀምሳ ቆመች። የድሮ ቢኤምኤክስ አንገት 21.1 ነው፣ የሌላው ዓለም 22.2። አንድ ሚሊ ሜትር ከምናምን። ማን እንደዚህ እንደወሰነ ባገኘው ቡና እጋብዘውና እጠይቀው ነበር።

አንደኛው አንገት ግድግዳው ወፍራም ብረት ነው። ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። ልጁ ለሁለት ጊዜ ስስ ስስ አድርጎ ላጠው፣ 200 ብር። ግድግዳው ቀጭን ቢሆን አላደርገውም ነበር፣ መሪ የሚሰበረው ጥርስ እያወለቀ ነው።

ማታ ታክሲ ውስጥ ስልኬ ጮኸ፣ እጄ ግሪስ ስለነበር ድምፁን ከፍቼ ነው ያነሳሁት። "ልጄ፣ በሬን መቼ ነው የምታመጣው?" "አባባ፣ በርዎን አልረሳሁም፣ በዚህ ሳምንት።" አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ዞር ብለው አዩኝ። "ዘንድሮ በሬ ስንት ገባ?"

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ቆመ።

ክራንኩን ልገጥም ነው። ፍሬሙ ውስጥ የነበሩትን የኩሽኔታ መቀመጫዎች ጠርጌ አየሁ፣ ኳሶቹ የሚሮጡበት መንገድ ንጹሕ ነው፣ ግሪስ ሞላሁት። ክራንኩ እየተጠማዘዘ አለፈ። የግራውን ዳዶ ፈለግሁ። የለም! ምናለሽ ተራ ሳላገላብጥ የገዛሁት ቀን መጣብኝ። ምን ችግር አለው፣ ዳዶ አይደል ብዬ ጣሳውን ዘረገፍኩ። አንዱ ሊነክስ ይልና ይስታል፣ ሌላውም እንዲሁ። ጉልበት ስጨምር የመጀመሪያውን ፊሌቶ ጫረው። ከዚያ ነው ቆም ብዬ ያየሁት፣ ፊሌቶው ግራ ነው። በግራ በኩል ያለው በእግር ረገጣ እንዳይፈታ ተብሎ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው፣ የግራ ፔዳልም እንደዚያው። የበያጆች የአሴቲሊን ጋዝ ማሰሪያ ላይ ዘወትር የማየው ነገር ነው። የጫርኩትን በሦስት ማዕዘን ሞረድ አስተካከልኩ፣ ለራሴም ትንሽ ተሳደብኩ።

ቶርኖ ቤት አንድ ዳዶ 800 ብር አሉኝ። የክራንኩን ዋጋ እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

ፔዳሎቹም አልገቡም። የጆንያው 14.3 ሚሊ ሜትር ናቸው፣ የአንድ ወጥ ክራንክ ቀዳዳ ግን ግማሽ ኢንች ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ግማሽ ኢንች ማለት የእውነት ግማሽ ኢንች ነው፣ 12.7! ተናድጄ በርና መብራት ዘግቼ ወጣሁ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን።

በ1911 የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀው ወዲህ ይኸው በሚካኤል ቀን ቆሻሻ ይጠረጋል፣ ይቃጠላል። አባዶም ከጠዋት ጀምሮ ጭስ በጭስ ነው። የብሎካችን ልጆች ከየቤቱ የተጣለውን እየሰበሰቡ ይከምራሉ፦ የበቆሎ አገዳ፣ ካርቶን፣ የተቀደደ ፍራሽ። አንዲት እናት "ልጆች፣ ጎማ አታቃጥሉ፣ አስም አለብኝ!" ብለው ከሦስተኛ ፎቅ ይጮሃሉ። እኔ ከሥራ ስመለስ ነው። ክምሩ ጎን ሮዝ ቀለም ያላት የትንሽ ልጅ ሳይክል ተጋድማለች፣ ፍሬሟ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ አንድ ጎማ የላትም። ክራንኳን አየሁ። አንድ ወጥ!

እሳቱ ሳይደርስባት እግሯን ይዤ ጎተትኳት። ልጆቹ "ያ ጋሼ ቆሻሻ ወሰደ!" አሉ። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ በፓፓጋሎ ዳዶውን ወደ ቀኝ አዞርኩት፤ ወደ ቀኝ፣ ይፈታ ዘንድ። ሲጥጥ አለና ተነሳ። ወደ ጋራ ቤቱ ሮጬ ክራንኩ ላይ ሞከርኩት። በጣት ብቻ ዞሮ ገባ። ፔዳሎቿም ልኩ ናቸው፣ ሮዝ ላስቲክ፣ አንደኛው ላይ የቢራቢሮ ሥዕል አለ። የእህቴ ልጅ የቢራቢሮውን ጉዳይ እስካሁን አልሰማም።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ገጠማ። የጆንያው ካቴና ለማርሽ ሳይክል የተሠራ ቀጭን ስለሆነ የ44ቱ ጥርስ ላይ አይቀመጥም፣ ወፍራሙን ገዛሁ፣ 350 ብር። ኮርቻውን የሠፈር ጫማ ሰፊ በጥቁር ቆዳ ሸፈነልኝ። መያዣው ላይ ካላማዳሪ ጠመጠምኩ። ቀለም? አልቀባሁትም። ልጁን ስጠይቀው "አረንጓዴው ይሁን፣ ካላማረ አይሰርቁትም" አለ። እሱም አእምሮ አለው።

ጠቅላላ ወጪ ከሽቦው፣ ከጎሚስታውና ከታክሲው ጋር 2,600 ብር ገደማ። የፍሬሙን ታሪፍ ሳልቆጥር።

ኅዳር 14፣ እሁድ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ መኪና ሳይበዛ ኮብልስቶኑ ላይ አወጣነው። መጀመሪያ እኔ። ጉልበቴ መሪውን ይነካል፣ ግን ይሄዳል! ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጥኩ፤ "ቋ" የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ምንም። ፍሬን የለም። በሁለት እግሬ አፈር እያረስኩ አጥር ጥግ ቆምኩ።

ሳየው ከሞዞው ወጥታ ፍሬሙን የምትይዘው የብረት ክንድ በሽቦ ነበር ያሰርኳት፣ ሽቦው ተበጥሷል። ፍሬኑ ሲይዝ ኃይሉ ሁሉ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ካልተያዘች ሞዞው አብሮ ይዞራል። መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ ምን ሞልቷል? የቱቦ ፋሼታ፣ ቱቦ የሚታሰርበት ቀለበት። ሰፊ፣ ወፍራም፣ ቡሎን ያለው። ከሥሩ ቁራጭ ላስቲክ አድርጌ አጠበቅሁት። ሦስት ጊዜ ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ሦስቴም የኋላ ጎማው ጭረት እየተወ ቆመ።

የእህቴ ልጅ ወሰደው። ጭረቱን አይቷል፣ ያደረገውም መጀመሪያ እሱን ነው። ከዚያ በብሎክ 40 በኩል ጠፋ። አንድ ሰዓት ቆይቶ ከአራት ጓደኞቹ ጋር መጣ፣ እነሱ በሩጫ። አንደኛው "ማርሽ የለውም እንዴ?" ሲለው ሰማሁ።

"ቢኤምኤክስ ማርሽ የለውም፣ ፋራ" አለው።

ማታ ስልክ። አላነሳሁም፣ ምክንያቱም ሳንቃ እየቆረጥኩ ነበር። በሩ 70 በ90 ሴንቲ ነው፣ ሦስት ሳንቃ ከኋላ በሁለት አግዳሚ ተመትቶ። ማጠፊያ ስፈልግ ጆንያው ጥግ ያሉት ሁለቱ ትዝ አሉኝ፣ ከፍሬሙ ላይ የቆረጥኳቸው። አንደኛው ትንሽ ጠምሟል፣ በመዶሻ አቃናሁት። ነገ ከሥራ በፊት በካራ በኩል እሄዳለሁ።